የብዙወርቅ ወፍጮ እና የኖላዊ አይጦች

ጂንካ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኖላዊ ዘውዴ፣ ጎተንበርግ፣ ስዊድን

የሄድክበት አገር ይመችህ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ። ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔ ግን ከናፍቆትህ ሌላም ነገር አለብኝና ልማዱን ትቼ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ብዙወርቅ ነኝ፣ የአባትህ የዘውዴ የአጎት ልጅ። ዘውዴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጂንካ እርሻ ቢሮ ሲሠራ አንተ ትንሽ ልጅ ነበርክ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወፍጮ ቤቴ ትገባና ከእግር እስከ ራስህ ዱቄት ሆነህ ትወጣለህ፤ እናትህ የምትቆጣው እኔን ነው። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ውጭ አገር እያልክ ራቅክ። ባታስታውሰኝም አልቀየምም። ሥጋ ዘመድ ቢረሳሳም ሲቸግር ይፈላለጋል።

አሁን ቸገረኝ። ልጄ የአብሥራ በሰኔ ከገዘር ድንች ጭኖ ሲመጣ ከአይሱዙ ወደቀ። ጋቢና ቦታ ሳይጠፋ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጎረምሳ ነዋ። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ሲንገጫገጭ አሽቀንጥሮ ጣለውና ወገቡን ድንጋይ መታው። አዲስ አበባ ወስጄ አስተኛሁት፤ ከወር በላይ አስታመው መለሱልኝ። «ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቷል» አሉኝ። በአማርኛ ንገሩኝ ብላቸው፣ ይኸው አማርኛው ነው አሉ። ለእኔ የገባኝ ይህ ነው፤ ከወገቡ በታች እግሩ አይታዘዘውም። ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነው።

አንተ የተበጠሰ ነርቭ የሚቀጥል መድኃኒት እየሠራህ ነው ሲሉ ሰማሁ። ልጄ፣ ከተሠራው ላይ ትንሽ ቆንጥረህ ላክልኝ። ያልተሟላ ነገር ካለው ጎዶሎውን እኛ በጸሎት እንሞላዋለን።

ደውዪ እንዳትለኝ። የጂንካ ስልክ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ተባብሎ ለመዝጋት ነው። በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል በገዛ እጄ የጻፍኩት ነውና ፊደሌን አይተህ አትሳቅ።

አክስትህ ብዙወርቅ


ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ብዙወርቅ

እንደምን ሰነበቱ? ቤትዎ ጤና ይግባበት። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እርስዎን ረስቼ አላውቅም፤ ወፍጮ ቤትዎንም። የአብሥራን የማውቀው በአንቀልባ ሳለ ነበር። ደብዳቤዎን ሳነብ አለቀስኩ። መልሱን ያዘገየሁት እምቢታዬን በምን ቃል እንደምጽፈው ስለጠፋኝ ነው።

መድኃኒቱን መላክ አልችልም። ለምን እንደሆነ ላስረዳዎ። ኅብለ ሰረሰር ማለት ከአንጎል ተነስቶ በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ ነው። ሲጎዳ ቁስሉ ይድንና ጠባሳ ይሠራል። ከላይ የሚመጡት ነርቮች እንደገና ማደግ ይፈልጋሉ፤ ጠባሳው ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። የወይጦ ወንዝ ሲሞላ መኪና ሁሉ ወዲህና ወዲያ ማዶ ተሰልፎ እንደሚቆመው ነው። እኛ የምንሠራው ጠባሳውን የሚያለሰልስ መድኃኒት ነው። እስካሁን የወሰዱት ግን አይጦች ብቻ ናቸው። አንዳንዶቹ ተራምደዋል። ሰው ወስዶት አያውቅም፤ ሊገድልም ይችላል። ለማላውቀው ሰው ያልሰጠሁትን ለእርስዎ ልጅ አልሰጥም።

የምጠይቅዎ ግን አለ። እግሩ በመርፌ ሲነካ ይሰማዋል? ከጣቶቹ የምትንቀሳቀስ አለች? ሦስተኛው ጥያቄ ነውር ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሳልጽፈው ማለፍ አልችልም። ነርስ ወይም ሐኪም በጓንት መቀመጫው ውስጥ ጣት ሲያስገባ፣ የአብሥራ ጨምቆ መያዝ ይችላል? ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቅመኝ መልስ ይኸኛው ነው።

እስከዚያው በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡት፤ የመኝታ ቁስል ክፉ ነው። እግሮቹን በየቀኑ አጥፈው ይዘርጉለት፣ እንዳይደርቁ።

አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልኩ። ስለ አወዳደቁ ጻፉልኝ፣ ስለ ሐኪሞቹ ጻፉልኝ። እሱ ራሱ ምን እንደሚል አንዲት ቃል አልጻፉም።

ልጅዎ ኖላዊ


ጂንካ፣ ኅዳር 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለኖላዊ

ደብዳቤህን ሳምኩት፣ አነበብኩት፣ ከዚያ ተናደድኩ። ለአይጥ! እኛ እዚህ እህላችንን እየጨረሱብን እንሳደዳለን፤ አንተ እዚያ ተቀምጠህ እግራቸውን ትጠግንላቸዋለህ። ዘውዴ ልጁን አስተምሮ አስተምሮ ለአይጥ ሐኪምነት ዳረገው ማለት ነው! ይህን ብዬ ስጨርስ ንዴቴ በረደ። ከእምቢታህ ውስጥ ፍቅርህ ታየኝ። «ለእርስዎ ልጅ አልሰጥም» ያልከውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ለጥያቄህ መልስ። የሆስፒታሏ ነርስ ሐና እቤት ድረስ መጣችልኝ። በመርፌ ስትነካው ቀኝ እግሩ ላይ እንደ ሩቅ ነገር ይሰማኛል አለ፤ በግራው ይሻላል። የግራ እግሩ አውራ ጣት ደግሞ አንቀሳቅስ ሲባል ትንሽ ትነቃነቃለች። ለሦስተኛው ጥያቄህ ሁላችንንም አስወጥታ በሩን ዘጋች። ስትወጣ «ይጨምቃል ብለሽ ጻፊለት» አለችኝ። ይኸው ጽፌልሃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከዚህ በላይ አታስጽፈኝ።

ምን ይላል ላልከኝ ምንም አይልም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ጓደኞቹ መጥተው ነበር፤ ተኝቷል በያቸው አለኝና መለስኳቸው። አሁን መምጣትም ትተዋል። ወፍጮ ቤት አስቀምጬው የነበረውን የአይጥ መርዝ አውጥቼ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ይኸውልህ፣ አሁን አይጦቹ ያለ ሃይ ባይ ረብተዋል። ያነሱህ እንደሆነ ከዚህ ልላክልህ።

መድኃኒቱን ካልላክህ እንግዲህ ይህን ጻፍልኝ። የተራመዱት አይጦች መርፌውን ወግታችሁ ስትለቋቸው ብድግ ብለው ሄዱ? ወይስ የምታደርጉላቸው ሌላ ነገር አለ? ሳትደብቅ ንገረኝ።

ብዙወርቅ


ጎተንበርግ፣ ጥር 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእትዬ ብዙወርቅ

በረከትዎ ይድረሰኝ። የሐናን እጅ ይሳሙልኝ። የጻፉልኝ መልስ ጥሩ ዜና ነው፤ ይህን ስጽፍ እየተጠነቀቅኩ ነው፣ ግን ጥሩ ዜና ነው። ጣቷ ከተነቃነቀች፣ ሌላውም ከተጨመቀ፣ ገመዱ ሙሉ በሙሉ አልተበጠሰም ማለት ነው። ተቀጥቅጧል፤ ከክሮቹ ግን የተረፉ አሉ። ምን ያህል እንደሆኑ፣ ምን እንደሚሠሩ ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም።

ስለ አይጦቹ ላጫውትዎ። ወግተን አንለቃቸውም። እያንዳንዷ አይጥ ትንሽ ሰደሪያ አላት። ሰደሪያዋን እናለብሳትና ከላይ እናንጠለጥላታለን፤ የሰውነቷ ክብደት እንዲቀልላት ነው። ከሥሯ የሚንቀሳቀስ ቀበቶ አለ፤ የኋላ እግሮቿ እሱን ይረግጣሉ። መጀመሪያ እግሮቿን በእጃችን እያነሳን እናስረግጣታለን። ብዙ ሳምንት ከሠራች በኋላ እግሯ ራሱ መርገጥ ይጀምራል። ከጉዳቱ በታች ያለው ኅብለ ሰረሰር የመራመድን ነገር በራሱም ያውቃል፤ ተኝቶ የቆየውን ማስታወስ ነው የሚፈልገው። እዚህ ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ለሰውም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ መሣሪያው ግን አንድ ክፍል ሙሉ የሚይዝ ነው።

ይህን የጻፍኩልዎ ስለጠየቁኝ ለጨዋታ ነው። የአብሥራን ሰላም ይበሉልኝ። የአይጦቹን ወሬ ይንገሩት፣ ቢስቅ።

ኖላዊ


ጂንካ፣ መጋቢት 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለኖላዊ፣ ለአይጦች አለኝታ

እንደምን ከርመሃል? እኛ ሥራ ይዘናል።

ነገርኩት። ሰደሪያ ለብሰው ይንጠለጠላሉ ብዬ ስነግረው ከግድግዳው ዞሮ አየኝ። «አይጥ ሰደሪያ?» አለ። ደብዳቤህን ሰጠሁት። አንብቦ ሳቀ፤ ልጄ ሳቀ! ይህ ዕድል ሳያመልጠኝ፣ «እኛም ወፍጮ ቤት እንሥራው» አልኩት። «አብደሻል» አለኝ። ሲቆጣኝ ሰነበተ፤ በሦስተኛው ቀን ግን «እሺ፤ ከአይጥስ አላንስም» አለ።

ክፍል ሙሉ የሚይዘው መሣሪያህ ለካ እኔ ቤት ኖሯል። የወፍጮው ድንጋይ ሲወቀር አንስተን የምናዞርበት ባለ ሰንሰለቱ ማንሻ፣ ፓራንኮው፣ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ተንጠልጥሏል። ድንጋይ ያነሳ ልጄን ያቅተዋል? ልብስ ሰፊዋ ተዋበች የመኪና ሸራ ቆርጣ ሰደሪያ ሰፋችለት፤ በጭኑ መሃል የሚያልፈውን በበግ አጎዛ ለበጠችው። ቀበቶ ያልከው ደግሞ ሞተሩ ወፍጮውን ያዞርበት የነበረው፣ ከጥቅም የወጣው ሰፊ ቺንጋ ነው። በሁለት ድቡልቡል ግንድ ላይ ጠመጠምነውና ከሥሩ ባነጠፍነው ጣውላ ላይ ይሄዳል።

ቺንጋውን የወፍጮ ሠራተኛዬ ንብረት ያዞራል። ግራ እግሩን ጆንያ ተሸካሚያችን ጉታ ይይዛል፤ ከገዘር ወዲህ ማዶ የሚኖር የአሪ ልጅ ነው፣ ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋዋል። ቀኙን እኔ እይዛለሁ። በሕፃንነቱ ወፌ ቆመች ብዬ ያስቆምኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አላስነካም።

የመጀመሪያ ቀን ገና ከፍ ሲል ላብ አጥምቆት ራሱን ሳተ። ጮህኩ። አወረድነውና ነቃ። ሁለተኛ አልሞክረውም ብዬ ምዬ ነበር፤ እሱ ራሱ «ነገ ደግሞ» አለ። አሁን ይኸው ከሳምንት በላይ ሆነን።

ችግሩ ተራ ጠባቂዎቹ ናቸው። እህላቸውን ተሸክመው የመጡት ሴቶች ሁሉ ቁጭ ብለው ያዩታል፤ አንዷ ከንፈር ትመጥጣለች፣ አንዷ እግዚኦ ትላለች። ተናደደ። ጥሎ የሚሄድበት እግር የለው! አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ጆንያዋን በጎን ስታስጠጋ ከላይ ተንጠልጥሎ አያት። «አንቺ እትዬ! ተራሽ አይደለም፤ ከባለ ቀይ ነጠላዋ ኋላ ነሽ!» ብሎ አምባረቀባት። ሴትዮዋ ደንግጣ ተመለሰች፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ተራ አስከባሪው እሱ ነው። ከንፈር የምትመጥጥም የለችም፤ ቢጠምዳትስ?

አሁን ደግሞ የምጠይቅህ ይህ ነው፤ ተሳስተን እንደሆነ ንገረን።

ብዙወርቅ


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1998 ዓ.ም.

እትዬ ብዙወርቅ

ሰላምታዬን በአጭሩ ይቀበሉኝ፤ ቸኩያለሁ። ስለ እግዚአብሔር ያ ቺንጋ ከሞተሩ ጋር እንዳይገናኝ!

ደብዳቤዎን ይዤ እዚህ ሆስፒታል ወደምትሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሄድኩ። ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ተራ ማስከበሩ ጋ ስደርስ እስክታለቅስ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወረቀት አወጣች። ያለችው ይህ ነው። ከመሰቀሉ በፊት ፊኛው ባዶ ይሁን። ሲወርድ ሰደሪያው የነካውን ቆዳ ሁሉ ተመልከቱ፤ ቀልቶ ከቆየ በማግስቱ እረፉ፤ እሱ ባይሰማውም ቆዳው ይቆስላል። በድንገት ራሱን ካመመው ወይም ፊቱ በላብ ከራሰ ወዲያው አውርዱት። አጥንቱ ተኝቶ ስለቆየ ይሰበራል፤ አትጎትቱት፣ አታስገድዱት። ክብደቱን ቀስ በቀስ ወደ እግሩ አውርዱ። ሐና ሳታየው ሳምንት አይለፍ።

ልከለክልዎ ይገባኝ ነበር። አልከለከልኩም፤ ይህ ያሳስበኛል። ለጨዋታ የጻፍኩትን ነገር ሰው ያንጠለጥልበታል ብዬ አላሰብኩም። ደህና ሰደሪያ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እልካለሁ።

አንድ ነገር ይጻፉልኝ፤ እግሩን የምትይዙት ሰዎች ምን ይሰማችኋል?

ኖላዊ


ጂንካ፣ ሰኔ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለኖላዊ

የምሥራች! ከትናንት ወዲያ ጉታ የየአብሥራን እግር ይዞ እያራመደ ሳለ ለቀቀና ወደ ኋላ አለ። ምን ሆንክ ስለው፣ «እማማ፣ ይሄ እግር እኔን ገፋ!» አለኝ። እኔ አላመንኩም። የአብሥራ «አንተ ነህ የገፋኸው» አለው። «እኔ ይዞ ነበር፤ እሱ ገፋ! እንደ ጥጃ ገፋ!» እያለ ማለ። ደግመን ያዝን። እውነት ነው። ግራው ይገፋል። ንብረት ቺንጋውን ትቶ በዱቄት እጁ አቀፈኝ፤ ተራ ጠባቂዎቹ እልል አሉ፤ ወፍጮው ያለ እህል ሲሽከረከር ማንም ልብ አላለም።

ሰደሪያህ ደርሷል፤ እንደ ሙሽራ ልብስ ነው። ተዋበች አገላብጣ አይታው «ስፌቱ ጥሩ ነው፤ አጎዛ ግን የለውም» አለችና አጎዛ ጨመረችበት።

ቶሎ ጻፍ።

ብዙወርቅ


ጂንካ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለኖላዊ

በሰላም ነህ? የሰኔውን ደብዳቤ አልመለስክም፤ የመስከረሙንም አልመለስክም። ፖስታ ቤት እየሄድኩ ሣጥኔን ስከፍት ያለው ሸረሪት ነው። ኃላፊው አሁን ሲያየኝ አንገቱን በመነቅነቅ ብቻ ይመልሰኛል።

እዚህ ደህና ነን። ግራው እየጠና ነው፤ ቀኙ ይጎተታል። አንተ ግን ዝም አልክ። ሰው ዝም ሲል ክፉ አስባለሁ። ስለ ልጄ የምታውቀው መጥፎ ነገር አለ? እዚህ ድረስ ነው፣ ከዚህ አያልፍም የሚል ነገር አግኝተህ እንዴት ልንገራት ብለህ ነው?

የአብሥራ አንድ ቀን «ኖላዊን ጠይቂው፤ እሄዳለሁ ወይ?» አለኝ። ከዚህ በፊት ጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ መድኃኒትም አልፈልግ፣ ሰደሪያም አልፈልግ። ልጄ ይሄዳል ወይስ አይሄድም? እውነቱን ላክልኝ።

ብዙወርቅ


ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእትዬ ብዙወርቅ

ዝምታዬን ይቅር ይበሉኝ። በየአብሥራ ላይ ያገኘሁት ክፉ ነገር የለም። ክፉው የደረሰው በእኔ ሥራ ላይ ነው።

እስካሁን የተራመዱት አይጦቻችን ሁሉ መድኃኒቱንም ወስደዋል፣ በሰደሪያም ተንጠልጥለው ሠርተዋል። ያራመዳቸው የትኛው ነው? ይህን ለመለየት በሦስት ከፈልናቸው። አንደኛዎቹ መድኃኒት ወስደው ይሠራሉ። ሁለተኛዎቹ የጨው ውሃ ተወግተው ይሠራሉ። ሦስተኛዎቹ መድኃኒቱን ወስደው ይተኛሉ። የትኛው ምን እንደወሰደ እኛም እንዳናውቅ ተደርጎ ነበር፤ እንዳናዳላ። በነሐሴ ተገለጠልን። በመድኃኒት የሠሩትና በጨው ውሃ የሠሩት እኩል ነው የሚራመዱት። መድኃኒት ወስደው የተኙት እንደተኙ ቀሩ። አንድ ቦታ ተሳስተን እንደሆነ ብለን ከመጀመሪያው ደገምነው። ያው ነው።

አምስት ዓመት የለፋሁበት መድኃኒት ከጨው ውሃ አልተሻለም። አለቃዬ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ቤተ ሙከራ እገባለሁ፣ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ ምንም ሳልሠራ እወጣለሁ። ሥራውን ልተወው አስቤያለሁ። የእርስዎን የምሥራች ያነበብኩት በዚያው ሳምንት ነው። ደስ አለኝ፣ ደግሞም አፈርኩ። ለዚህ ነው ያልጻፍኩት።

የአብሥራ ላቀረበው ጥያቄ እውነቱ ይህ ነው፤ አላውቅም። እንደ ድሮው አይሄድም፤ ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ምን ያህል እንደሚሄድ ግን ማንም አያውቅም፤ አውቃለሁ የሚልዎትን አይመኑት።

ኖላዊ


ጂንካ፣ የካቲት 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለኖላዊ

ሐዘንህን ሰማሁ። ሰው ያለቅሳል፤ ከዚያ ተነስቶ ፊቱን ይታጠባል። አሁን ታጠብና አድምጠኝ።

ደብዳቤህን ለየአብሥራ አነበብኩለት። አንብቤ ስጨርስ «እንግዲያው እኔ መድኃኒቱን ስወስድ ነበር የከረምኩት» አለ። አየህ? እኔ ላክልኝ ብዬ ስለምንህ የነበረውን ነገር አንተ በጥር ልከህልኝ ኖሯል፤ «ለጨዋታ ነው» ብለህ። ያንን ደብዳቤ ባትጽፍልኝ ልጄ ዛሬም ግድግዳ ያይ ነበር። መድኃኒቱን እንጠብቅ ብለን አስተኝተነው ቢሆንስ? ከሦስተኛዎቹ አይጦች ጋር ተቆጠረ! በእውነት ለማወቅ ለይታችሁ ባትሞክሩ ማን ይነግረን ነበር? በከንቱ አልደከምክም። ወርቅ ሲቆፍር ውሃ ያወጣ ሰው ያለቅሳል እንዴ? እዚህ ቆላ ወርደህ ብትጠይቅ የቱ እንደሚሻል ይነግሩሃል።

ደግሞ የአለቃህ አለመቆጣት ምን ያስከፋሃል? እኔ እቆጣልሃለሁ። ሥራህን ትተህ ብትመጣ ጆንያ ነው የማሸክምህ።

አሁን እውነት ስለ ሰጠኸኝ እውነት ልመልስልህ። ሽንቱ ዛሬም በቱቦ ነው። ቀኝ እግሩ ሲደክም ይንቀጠቀጣል፤ ጫማው ከፊት ተበልቷል። «እንደ ድሮው አይሄድም» ያልከውን ያነበብኩለት ቀን ከጓሮ ሄጄ ብቻዬን አልቅሻለሁ። እሱ አላለቀሰም። «ድሮ የት እሄድ ነበር? አይሱዙ ላይ!» አለኝ።

ግን ከሰደሪያው ወርዷል። በሁለት ክራንች ከቺንጋው እስከ ሚዛኑ ይሄዳል፤ ጉታ ከኋላው እጁን ዘርግቶ ይከተለዋል። ሚዛኑ ጋ ሲደርስ በርጩማ ላይ ይቀመጥና እህል ይመዝናል። እስከ ማታ ከሰው ጋር ሲሟገት ይውላል። ሴቶቹ «ሲንጠለጠል ይሻል ነበር» እያሉ ያሙታል። ቤቴ በጫጫታ ሞላ፤ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ስለ መድኃኒት ሁለተኛ አልጠይቅህም። በል፣ ወደ ሥራህ ተመለስ።

አክስትህ ብዙወርቅ


ጎተንበርግ፣ ሰኔ 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእትዬ ብዙወርቅ

ቁጣዎ ደርሶኛል፤ ጆንያውን ፈርቼ ተመልሻለሁ። አሁን የያዝኩት ጥያቄ ሌላ ነው። ልምምዱ ከጉዳቱ በኋላ መቼ ቢጀመር ይበጃል? በቀን ምን ያህል? ሲበዛ ይጎዳል? አለቃዬ ይህን ሲሰማ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ለእኔ ከመድኃኒቱ በላይ ደስ የሚል ሥራ ሆኖልኛል፤ ጠዋት ስነሳ የምሮጥበት።

በመስከረም ለሁለት ሺህ ዓመት በዓል አገር ቤት እገባለሁ። ጂንካ እመጣለሁ። ቺንጋውንም፣ ሚዛኑንም፣ እሱንም በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ምን ላምጣልዎ? እሱስ ምን ይፈልጋል?

ኖላዊ


ጂንካ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለኖላዊ

እግርህን ያሳርፍልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ። መምጣትህን ሰምተን ሳንዘል የቀረነው በዕድሜ ምክንያት ነው። ንብረት በግ አስሯል። ሐና የምትጠይቅህን እያሰበች ነው፤ ተዋበች ስለ አጎዛው ልትከራከርህ ተዘጋጅታለች።

ምን ላምጣ ላልከው ምንም አታምጣ። ሳስበው ሳስበው የምጠይቅህ አጣሁ። እሱ ምን እንደሚፈልግ ደግሞ ልጠይቀው ብዬ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ አይደል፣ ገበያ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ሚዛኑ ጋ የለም። አልጋውን አየሁ፣ የለም። ክራንቾቹም የሉም። ጉታን ጠየቅኩት፤ «መጣሁ ብሎ ሄደ» አለኝ። ለምን አልተከተልከውም? «አትከተለኝ ብሏል» አለ። ንብረትን ጠየቅኩ፤ እሱም እንዲሁ ይላል፣ ደግሞ ይስቃል።

ያገኘሁትን ነጠላ ለብሼ ወጣሁ። አንዱ መናኸሪያ አይቼዋለሁ አለኝ፤ ሄድኩ፣ የለም። ሌላዋ አውሮፕላን ሜዳው ዳር ከጎረምሶች ጋር ቆሞ ሲስቅ ነበር አለችኝ። ቆሞ ነው ያልሽኝ? አልኳት። «አዎ፣ ቆሞ» አለች። እዚያም ሄድኩ፤ ከብት እንጂ ሰው የለም። ዞሬ ዞሬ ደከመኝና ተመለስኩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ ያለበትን ሳላውቅ የዋልኩበት ሰዓት የለም። የትም አይሄድማ። አሁን በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀምጫለሁ፤ ይህንንም ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልህ። ሲመጣ የምቆጣውን ቁጣ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ፤ እንዲህ መቆጣት ምን ያህል እንደናፈቀኝ አታውቅም። ጀንበሯ ወደ ተራራው ወርዳለች። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ እየገባ ነው።

ልጄ የት እንደሄደ አላውቅም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኖላዊ፤ አላውቅም!

ብዙወርቅ